ኒዮዲሚየም፣ ፌራይት ወይስ ሌላ? የሄድፎን ማግኔት እንዴት እንምረጥ

መርካቶ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሄድፎን እመርጥ ነበር። ሻጩ ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። አንዱ 900 ብር፣ ሌላው 2,600 ብር። «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት። ውዱን ካርቶን ገለበጠና አንዲት ቃል በጣቱ አሳየኝ። «ኒዮዲሚየም ነው ወንድሜ። ድምፁን የሚያመጣው ማግኔቱ ነው።» አመንኩትና ገዛሁ። ማታ ቤት ገብቼ ሳዳምጥበት ቤዙ ያጉረመርማል። የዘፋኟ ድምፅ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፈታሁት። ስፖንጁን ገለጥ አድርጌ አራት ጥቃቅን ብሎኖች አወጣሁ። ከስሱ ፕላስቲክ ጀርባ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ የምታብረቀርቅ ነገር አለች። ካቻቢቴውን ጠጋ ሳደርገው ከእጄ ነጥቃ ወሰደችው። ሻጩ አልዋሸኝም። ማግኔቷ እውነትም ኒዮዲሚየም ናት።

ታዲያ ድምፁ ለምን ከፋ? ይህን የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ማግኔት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ካላወቅን ካርቶን ላይ ለተጻፈ ቃል ብቻ እንከፍላለን።

የማግኔቱ ሁለት ሥራዎች

አብዛኞቹ ሄድፎኖች ውስጣቸው ተመሳሳይ ነው። ዲያፍራም የሚባል ስስ ፕላስቲክ አለ። ጀርባው ላይ በጣም የቀጠነ ሽቦ ተጠቅልሎ ተጣብቋል፤ እሱ ኮይል ነው። ኮይሉ ማግኔቱ መስክ በሚፈጥርበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። ከስልካችን ኤሌክትሪክ ሲመጣ ኮይሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ዲያፍራሙን ይዞት ይሄዳል፣ አየሩ ይነቃነቃል፣ እኛም እንሰማለን።

የግፊቱ ኃይል የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ በመስኩ ጥንካሬ፣ መስኩ ውስጥ ባለው የሽቦ ርዝመት እና በሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን። ስለዚህ ማግኔቱ ጠንካራ ከሆነ በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ ድምፅ ይወጣል። ሌላው ነገር ሳይነካ መስኩ በእጥፍ ቢያድግ ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይጨምራል። ወይም የበፊቱን ያህል ድምፅ በሩብ ኃይል ታገኛላችሁ። ኃይሉ ውስን ለሆነ ስልክ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሥራው ፍሬን መሆን ነው። ይህን በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ስፒከር ፈልጉ። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ሳይነካኩ ወረቀቱን በጣታችሁ መታ አድርጉት። «ዱምም» ብሎ ትንሽ ይጎተታል። አሁን ሁለቱን ጫፎች አገናኙና እንደገና መታ አድርጉት። «ዱብ» ብሎ ይቆማል። ባትሪ የለም፣ ሶኬት የለም፤ ግን ድምፁ ተለወጠ። ምክንያቱም ኮይሉ በመስኩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሽቦው ሲገናኝ ያ ኤሌክትሪክ ዞሮ መጥቶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው አሥር ጊዜ ደጋግሜ ነው የመታሁት፤ እስካሁንም ደስ ይለኛል።

ማግኔቱ በጠነከረ ቁጥር ይህ ፍሬን ይበረታል፣ ቤዙም ይሰበሰባል። ግን ብቸኛው ፍሬን እሱ አይደለም። ሠሪዎቹ ከዲያፍራሙ ጀርባ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በስስ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይሸፍኗቸዋል። አየሩ በጭንቅ ሲያልፍ እሱም እንቅስቃሴውን ይይዛል። ጎበዝ መሐንዲስ ደካማ ማግኔት ይዞ በዚያች ወረቀት ያስተካክለዋል። ግድ የለሹ ደግሞ ምርጡን ማግኔት ይዞ ያበላሸዋል። የእኔ 2,600 ብር የሄደው ወደ ሁለተኛው ነበር።

«የፌራይት ድምፅ ሞቅ ይላል፣ የኒዮዲሚየም ስል ይሆናል» እውነት ነው?

ይህን አባባል ብዙ ቦታ ትሰማላችሁ። እኔ አልቀበለውም። ኮይሉ መስኩ ከምን እንደመጣ አያውቅም። ክፍተቱ ውስጥ 0.8 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ) ካለ፣ ከፌራይት ይምጣ ከኒዮዲሚየም፣ ለእሱ ያው 0.8 ቴስላ ነው።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መናገር አለብኝ። ትልልቅ ስፒከሮች ላይ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ኮይሉ የራሱን መስክ ይፈጥራል፣ የማግኔቱንም መስክ ያወዛውዘዋል። እዚያ ላይ የማግኔቱ ዓይነትና የብረቱ አሠራር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። የጊታር አምፕሊፋየር ወዳጆች ስለ አልኒኮ፣ ስለዚያ የድሮ ማግኔት ዓይነት፣ የሚከራከሩትም በዚህ የተነሳ ነው። ሄድፎን ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ግን በሚሊዋት የሚቆጠር ነው፤ የዋት አንድ ሺህኛ ማለት ነው። እዚህ መጠን ላይ ልዩነቱ ተፈልጎም አይገኝ።

የሶኒን ኤምዲአር ቪ6 እና ኤምዲአር 7506 ሄድፎኖች ተመልከቱ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ሲወጣ ማግኔቱ ሳማሪየም ኮባልት የሚባል ሌላ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው በ1991 የመጣው በኒዮዲሚየም ነው። ቅርጻቸው መንትያ ነው፣ ድምፃቸውም በጣም ይቀራረባል። ሁለቱንም የሚያውቁ የስቱዲዮ ሰዎች ልዩነታቸውን ሲገልጹ እንኳ በጥቂቱ ነው የሚለዩአቸው።

ማግኔቶቹን የለወጠው ገበያ ነው

ታሪኩን ስታዩ ምርጫው ከጆሮ ይልቅ በዋጋና በክብደት ሲወሰን እንደኖረ ይገባችኋል።

አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ነው፤ ብረትም አለበት። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ የሠራው ቅይጥ ነው። ጥሩ መስክ ይሰጣል፤ ግን በቀላሉ ማግኔትነቱን ያጣል። ይህን ለመከላከል ረዘም ተደርጎ መሠራት አለበት። ረጅም ነገር ደግሞ ጆሮ ላይ አይመችም። ለዓመታት የስፒከሩን ዓለም የገዛው ቢሆንም በ1978 ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ውስጥ፣ ሻባ ግዛት ላይ ጦርነት ተነሳ። የዓለም ኮባልት በብዛት የሚወጣው ከዚያ ነበርና ዋጋው ሰማይ ነካ። ስፒከር ሠሪዎች አልኒኮን እየተዉ ወደ ፌራይት ጎረፉ። አንድም ሰው «የፌራይት ድምፅ ይበልጣል» ብሎ አይደለም። ኮባልት ስለተወደደ ነው።

ሳማሪየም ኮባልት በ1960ዎቹ ኦሃዮ፣ አሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ በካርል ስትርናትና ባልደረቦቹ ተፈጠረ። በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት የሰጠ የመጀመሪያው ማግኔት እሱ ነው። ለሄድፎን ያደረገው ውለታ ትልቅ ነው። ሶኒ በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን፣ ይዘውት የሚሄዱትን የካሴት ማጫወቻ፣ ሲያወጣ አብራ የመጣችው ቀላል ሄድፎን የሠራችው በዚህ ማግኔት ነው። በዚያ ዘመን ሄድፎን 300 እና 400 ግራም ይመዝን ነበር። ይህቺ 50 ግራም ገደማ ነበረች። መንገድ ላይ እየሄዱ ሙዚቃ መስማት የተቻለው ጭንቅላት ላይ የሚቀመጠው ነገር ስለቀለለ ነው።

ዛሬ ሳማሪየም ኮባልት ያለው አዲስ ሄድፎን ብዙ አታገኙም። ውድ ነው፣ ሲወድቅም ይሰበራል። የሚበልጠው በሙቀት ነው፤ ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይችላል። ጆሯችን ግን 250 ዲግሪ አያስፈልገውም። ቻይና በሚያዝያ 2025 ሳማሪየምን ወደ ውጭ ሲላክ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ማዕድናት ውስጥ ስላስገባችው ወደፊትም ይረክሳል ብዬ አልጠብቅም።

ፌራይት እና ኒዮዲሚየም

ሱቅ ውስጥ በተግባር የሚጠብቃችሁ ምርጫ ይህ ነው።

ፌራይት ጥቁር ግራጫ ነው። ሲሠራ የብረት ኦክሳይድ ማለትም የዝገት ዱቄት ከስትሮንቲየም ወይም ከባሪየም ጋር ይቀላቀላል፤ ተጠቅጥቆም እንደ ጀበና በእሳት ይተኮሳል። በእርግጥም ሸክላ ነው። መሬት ላይ ቢወድቅ ይሸረፋል። ቀድሞውንም ዝገት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ አይዝግም። ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው። ፊሊፕስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ጀምሮ የድሃም የሀብታምም ቤት ገብቷል።

ኒዮዲሚየም ከብረትና ከቦሮን ጋር የሚቀየጥ ነው። ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ በጄኔራል ሞተርስ ጆን ክሮት በየፊናቸው ደረሱበትና በ1983 ይፋ ሆነ። ከፍለጋው ጀርባ ያ የኮባልት ውድነት አለ። ኮባልት የሌለበት ጠንካራ ማግኔት ይፈለግ ነበር።

ጉልበታቸውን በቁጥር እንየው። የማግኔት ጉልበት ሜጋ ጋውስ ኤርስቴድ በሚባል መለኪያ ይለካል። ፌራይት ከ3 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። አልኒኮ ከ5 እስከ 9 አካባቢ። ሳማሪየም ኮባልት ከ16 እስከ 32። ኒዮዲሚየም ከ35 እስከ 52። ኒዮዲሚየም ከፌራይት አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ጆሮ ውስጥ የምትገባ ኢርፎን በፌራይት በደንብ መሥራት ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። ቦታ የለማ። ትልቅ ሄድፎን ላይ ግን ፌራይት ይቻላል፤ ሰፋ ወፈር አድርጎ መሥራት ነው። ዋጋው በክብደት ይከፈላል።

የኒዮዲሚየም ድክመት ሁለት ነው። አንዱ ዝገት ነው። ውስጡ ብረት ስላለ በኒኬል ወይም በሌላ ነገር ይለበጣል። ልባሱ ከተጫረና ላብ ካገኘው ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል። ስፖርት ለምትሠሩበት ኢርፎን ከማግኔቱ ስም በፊት ውኃ መከላከያውን ጠይቁ። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ተራው ዓይነት የሚፈቀድለት እስከ 80 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ብትተዉትስ? ቀድሞ የሚጎዳው የብሉቱዙ ባትሪ ነው። ስለ ማግኔቱ እንቅልፍ አትጡ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ነገር

«ኤን52 ማግኔት» የሚል ጽሑፍ አሁን በየቦታው አለ። ቁጥሩ ቅድም ያየነው የጉልበት መለኪያ ነው፤ 52 ለገበያ ከሚቀርቡት ከፍተኛው ደረጃ አካባቢ ነው። ከኤን42 ጋር ስናነጻጽረው መስኩ 11 በመቶ ያህል ይበልጣል። ወደ ድምፅ ስንቀይረው፣ ነገሮች ሁሉ ቢመቻቹ እንኳ 1 ዴሲቤል አይሞላም። ድምፅ መጨመሪያውን ትንሽ ነካ ማድረግ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልከፍልም።

«ቴስላ» የሚል ካያችሁ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ መሆኑን እወቁ። የጀርመኑ ቤየርዳይናሚክ በ2009 ቲ1 የተባለውን ሲያወጣ ክፍተቱ ውስጥ ከ1 ቴስላ በላይ ማግኘቱን በኩራት ነበር የተናገረው። ለሄድፎን ይህ በእርግጥ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሄድፎን የተወደደው ለማግኔቱ ብቻ አልነበረም። ዲያፍራሙም፣ የሄድፎኑ ቀፎም አብረው የታሰቡ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። አንዱ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ በተወሰነ ኃይል ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። ሌላው ኢምፒዳንስ ነው፤ ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቃወም ይናገራል፣ በኦም ይጻፋል። የማግኔቱ ሥራ ውጤት ያለው እነሱ ውስጥ ነው። በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ከ16 እስከ 40 ኦም ያለው ሄድፎን ከስልክ ጋር አይቸገርም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። አንዳንዱ በሚሊዋት ይለካል፣ ሌላው በቮልት። ያው 32 ኦም ሄድፎን በ1 ሚሊዋት 100 ከሆነ በ1 ቮልት 115 ገደማ ይሆናል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ቁጥር። መለኪያውን ሳታዩ አታወዳድሩ።

ፕላናር ከሆነስ?

እዚህ ጋ ማግኔት በእውነት ድምፅ ይነካል። ግን በዓይነቱ ሳይሆን በቅርጹና በተቀመጠበት ቦታ።

ፕላናር ሄድፎን ውስጥ የተጠቀለለ ኮይል የለም። ሰፊ ስስ ሽፋን ላይ ሽቦው እንደ መንገድ ተዘርግቶ ታትሟል። ከሽፋኑ በአንድ ወይም በሁለቱም በኩል የማግኔት ዘንጎች ይደረደራሉ። ግፊቱ ሽፋኑ ሁሉ ላይ ስለሚያርፍ የተዛባ ድምፅ ይቀንሳል፤ ቤዙ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ ለዚህ ቤዝ ልዩ ፍቅር አለኝ።

ችግሩ ዘንጎቹ ራሳቸው በድምፁ መንገድ ላይ መቆማቸው ነው። ድምፁ ይመታቸዋል፣ ይመለሳል፣ በተለይ ቀጫጭኑ ድምፅ ይረበሻል። ሃይፊማን የተባለው ሄድፎን ሠሪ የዘንጎቹን ጠርዝ ማጉበጥ የጀመረው ለዚህ ነው። ሌላው ክብደት ነው። የኦዴዝ ኤልሲዲ ኤክስ 612 ግራም ይመዝናል። ርካሹ የሃይፊማን ኤችኢ400ኤስኢ 390 ግራም ነው። ሁለት ሰዓት ፊልም ማየት የምትወዱ ከሆነ አንገታችሁን አማክሩት። ብዙዎቹ አምፕሊፋየርም ይፈልጋሉ።

ማግኔት ጭራሽ የሌለውም አለ። ኤሌክትሮስታቲክ ይባላል፤ የጃፓኑ ስታክስ ከ1960 ጀምሮ ይሸጠዋል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው፤ የራሱን አምፕሊፋየር መግዛት ግድ ነው። ከምርጦቹ ሄድፎኖች ጥቂቱ ማግኔት አልባ መሆናቸውን ለዚያ ሻጭ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት በጆሮ

እኔ ሱቅ ስሄድ ስልኬ ላይ የበገና ቅጂ ይዤ ነው። በገና 10 አውታር አለው። ከአውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። ወፍራም ድምፅና ቀጭን ንዝረት በአንድ ላይ ይመጣሉ። ፍሬኑ ደካማ የሆነ ሄድፎን ላይ ንዝረቱ ይዋጣል፤ «ኡኡኡ» የሚል ጭጋግ ብቻ ይቀራል። ጥሩው ላይ እያንዳንዱ ምት ሲነሳና ሲያርፍ ትለዩታላችሁ። ቀጥሎ ከበሮ ያለበት መዝሙር ወይም ዘፈን ክፈቱ። ምቱ ቆመ ወይስ ተጎተተ? ይህቺ ሙከራ ሦስት ደቂቃ አትፈጅም።

እየሞከራችሁ ስፖንጁን በእጃችሁ ወደ ጆሯችሁ ጫን አድርጉት። ቤዙ በድንገት ከተለወጠ ስፖንጁ አየር እያስወጣ ነው።

ብየዳ ቤት ወይም ጋራዥ የምትሠሩ፣ ኢርፎናችሁን ጠረጴዛው ላይ እንዳትጥሉት። ጠንካራ ማግኔት የብረት ብናኝ ይስባል። ብናኙ ወንፊቱን አልፎ ከገባ ዲያፍራሙ ላይ ይንኮሻኮሻል። ላዩ ላይ ያለው በፕላስተር ተለጥፎ ይነሳል፤ ክፍተቱ ውስጥ የገባው ግን ከባድ ነው።

ልባቸው ውስጥ ፔስሜከር ወይም መሰል መሣሪያ የተተከለላቸው ቤተሰቦች ካሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት 60 ታካሚዎችን ፈትኖ በ14ቱ ላይ የሄድፎን ማግኔት መሣሪያውን ሲያውክ አግኝቷል። ይህ የሆነው ሄድፎኑ ደረታቸው ላይ፣ መሣሪያው አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ችግሩ አልታየም። ጆሮ ላይ ማድረጉ አያሰጋም። አንገት ላይ አንጠልጥሎ ደረት ላይ መጣል፣ ኢርፎንን ከደረት ኪስ ማስገባት፣ የሄድፎን ለባሽ ጭንቅላት የታካሚው ደረት ላይ ማረፍ፤ እነዚህ ይቅሩ።

ለማን የቱ?

በስልክ ብቻ ለሚያዳምጥና ለሚንቀሳቀስ ሰው ኒዮዲሚየም ነው፤ ኢርፎን ከሆነ ምርጫም የለውም። ቀኑን ሙሉ ሄድሴት አድርጎ ስልክ ለሚመልስ ሰውም እንዲሁ፤ 80 ግራም ልዩነት ከሰዓት በኋላ ይሰማል። ለቤት ኮምፒውተር፣ ለልጆች ትምህርት፣ ብዙ እጅ ለሚነካው ቦታ ፌራይት ያለው ርካሽ ሄድፎን ምንም አይለውም፤ የተረፈውን ብር ለጥሩ ስፖንጅና ለሚነቀል ኬብል አውሉት። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ አምፕሊፋየር ይዞ በጥሞና የሚሰማ ፕላናር ይሞክር። አልኒኮና ሳማሪየም ኮባልት የድሮ ዕቃ ለሚወዱ ናቸው። አሮጌ ቪ6 በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ግን አታሳልፉት።

የ2,600 ብሩን ሄድፎን አልጣልኩትም። ስፖንጁን አውጥቼ ወፈር ያለ፣ ጆሮን በደንብ የሚከድን ሌላ ስፖንጅ ገጠምኩለት። ከጀርባ ያለችው ወረቀት በአንድ ጎን ተነቅላ ነበር፤ መልሼ ለጠፍኳት። ማግኔቷን አልነካኋትም። በገናውን እንደገና ከፈትኩ። የእንዚራው ንዝረት ተሰማኝ።